መልስ፦ ተራውን መጠበቅ ላቃተው ተማሪ ቪዲዮ ማሳየት ይጠቅማል ወይ?

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ከፍኖተ ሰላም ያቀረቡት ጥያቄ፣ ሳይጠራ እየተነሣ መልሱን ጮኾ የሚናገረውን የ2ኛ ክፍል ተማሪዎን ትክክለኛውን ሥርዓት በስልክ ቀርጾ በማሳየት ማረም ይቻል እንደሆነ ነው። ይቻላል፤ በተለይ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች በብዙ ጥናት የተደገፈ ዘዴ ነው።

ጥፋቱን ግን አይቅረጹ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆች በፊልም ያዩትን ጠበኝነት ሳይቀር ይደግማሉ፤ ስለዚህ የሚታየው መደገም ያለበት ብቻ ይሁን። እኩያው የሆነና እሱ የሚወደው ልጅ፣ በራሳችሁ ክፍል፣ በዚያው ዴስክ ተቀምጦ እጁን ሲያወጣ፣ እርስዎ ሌላ ተማሪ ሲጠሩ እጁን አውርዶ በጸጥታ ሲያዳምጥ፣ ኋላም ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ ሲመልስ በአጭር ቪዲዮ ይታይ። ለልጁ ከባዱ መጠበቁ ነውና ቀረጻው እዚያ ላይ አይቸኩል።

ካጠፋ በኋላ እንደ ቅጣት ከማሳየት ይልቅ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ያሳዩትና ወዲያው አብረው ይለማመዱ፤ ሲሳካለትም እዚያው ያመስግኑት። ልማዱ ሲጸና ማሳየቱን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። የሚቀረጸው ልጅ ወላጆች አስቀድመው ይፍቀዱ፤ እባክዎ፣ ቪዲዮው በቴሌግራም ለማንም አይላክ።