ማውጫውን ሳይሆን ገጹን አንብቡ፦ የዘር ሐረግ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በእንግሊዝ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዛግብት ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ ለምትፈልጉ ይህን እጽፍላችኋለሁ። የእድሜዬን ብዙውን ክፍል ያሳለፍኩት ያረጁ መዛግብትን በማንበብ ነው። እኛ ማይክሮፊልም ፊት ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ ስናገላብጥ የምንውለውን፣ እናንተ ስም ጽፋችሁ ሰርች ስትሉ ወዲያው ይመጣላችኋል። ደስ ይለኛል። ግን ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ዝርዝር፣ ማውጫ የምንለው፣ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ አሁን አሁን ደግሞ ኮምፒውተር፣ የድሮውን ጽሑፍ አይቶ «እንዲህ ይላል» ያለው ነው። አንባቢ ደግሞ ይሳሳታል።

ስም ፈልጋችሁ ብታጡ ብዙ አልሰጋም፤ መጥፋቱን ስለምታውቁ መፈለጋችሁን ትቀጥላላችሁ። የምሰጋው ልክ የሚመስለውን ስህተት ነው። ቶማስ የሚባል ሕፃን በ1740 ክርስትና ተነሣ እንበል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በሁለት ዓመቱ ሞተ። የቀብሩ መዝገብ አለ፤ ማውጫው ላይ ግን የአባቱ ስም ተበላሽቶ ገብቷል። ስለዚህ ቀብሩን አታገኙትም። ከ25 ዓመት በኋላ ያገባውን ቶማስ ስታዩ «ይኸው እሱ ነው» ትላላችሁ። በዚያ ዘመን የሞተውን ልጅ ስም ለሚቀጥለው ልጅ መስጠት የተለመደ ስለነበር፣ ያገባው ታናሽ ወንድሙ ሊሆን ይችላል። ወላጆቻቸው አንድ ስለሆኑ ከዚያ በላይ የምትጽፉት ሐረግ ልክ ይሆናል፤ ስህተቱ ላይስተዋላችሁ ይችላል፤ የክርስትናው ቀን ግን የሌላ ልጅ ነው።

ብዙ ስህተት የሚመጣው ከቀን ነው። በእንግሊዝ እስከ 1751 ድረስ አዲሱ ዓመት በሕግ የሚጀምረው ማርች 25 ነበር። ጃንዋሪ 1 የዓመት መጀመሪያ የሆነው በ1752 ነው። ቄሱ «ፌብሩዋሪ 1720» ብሎ ከጻፈ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። አንዳንዱ ማውጫ ይህን ያስተካክላል፣ አንዳንዱ እንዳለ ይተወዋል። በኤፕሪል 1720 የተጋቡ ሰዎች በፌብሩዋሪ 1720 ልጅ ክርስትና አስነሡ የሚል ካያችሁ ስለ ባልና ሚስቱ ክፉ ከማሰባችሁ በፊት ገጹን ክፈቱ። ፌብሩዋሪው ከዲሴምበር 1720 በኋላ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ልጁ የመጣው ጋብቻው በተፈጸመ በአሥረኛው ወር ነው።

ወሮቹም ወጥመድ አላቸው። ጸሐፊዎቹ ሴፕቴምበርን «7በር»፣ ኦክቶበርን «8በር» እያሉ ያሳጥሩት ነበር፤ በድሮው የሮማውያን አቆጣጠር ሰባተኛውና ስምንተኛው ወር ስለነበሩ። ይህን የማያውቅ ሰው 7ን አይቶ ጁላይ ብሎ ያስገባዋል። ለማወቅ ቀላል ነው። መዝገብ በቀን ተራ ነው የሚሄደው። ከላይ ያለው ኦገስት፣ ከታች ያለው ኦክቶበር ሆኖ መሃል ላይ ጁላይ ከገባ ስህተቱ እዚያው ነው። ጎረቤቶቹን ሳታዩ አንድን ቀን አትመኑ።

ዓመቱስ? በቆየው መዝገብ ዓመቱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ነው፣ ዓመቱ ሲጀምር። ማውጫ የሚሠራው ሰው የደረሰው ቀጣዩ ገጽ ብቻ ከሆነ ዓመቱን አያየውም፤ ይገምታል። ስለዚህ ወደ ኋላ ገልብጡና ዓመቱ የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ። ከ1813 ጀምሮ ይህ ቀለለ። በ1812 የወጣው ሕግ የታተመ ቅጽ አመጣ፤ የክርስትናና የቀብር ገጹ ለስምንት ስም ቦታ አለው፣ በክርስትናው ገጽ ላይ ደግሞ የሚኖሩበትና የአባት ሥራ የየራሳቸው ዓምድ አላቸው።

አሁን ወደ ፊደሉ። በድሮ የእጅ ጽሑፍ ትልቁ ኤል እና ትልቁ ኤስ ይመሳሰላሉ። ቲ እና ኤፍም እንዲሁ። ረጅሙ ኤስ (ድሮ በቃል መጀመሪያና መሃል ይጻፍ የነበረው የትንሹ ኤስ ቅርጽ) ደግሞ ኤፍ ይመስላል። ስለዚህ «ላውሰን» «ሳውሰን» ሆኖ ይገባል። ስትጠራጠሩ ቃሉ ላይ አፍጥጣችሁ አትቅሩ። እዚያው ገጽ ላይ የማያጠራጥር ቃል ፈልጉ። ለምሳሌ ሳራ እና ሳሙኤል የሚሉ ስሞች በየገጹ አሉ። የጸሐፊው ኤስ እንዴት እንደሚጠመዘዝ ከእነሱ ተማሩና ወደ አጠራጣሪው ስም ተመለሱ። የአንድ ሰው እጅ ነው፤ ራሱን ይደግማል። እኔ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ስም እምቢ ካላችሁ የቤተሰቡን ስም ጨርሶ አውጡትና በአባትና በእናት ስም፣ በአጥቢያና በዓመት ፈልጉ። ብዙ ድረ ገጾች በማታውቁት ፊደል ቦታ የኮከብ ወይም የጥያቄ ምልክት ይቀበላሉ። እሱም ካልሠራ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። ለትንሽ መንደር የአሥር ዓመት መዝገብ ብዙ ገጽ አይደለም፣ አትፍሩት።

ዋናው ገጽ የቆሸሸ ወይም የተቀደደ ከሆነ የጳጳሱን ግልባጭ ፈልጉ። ከ1598 ጀምሮ አጥቢያዎች በየዓመቱ ቅጂ ለጳጳሱ እንዲልኩ ታዘው ነበር። ሁሉም አልተረፈም። የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ እጅ የጻፈው ስለሆነ እዚህ የማይነበበው እዚያ ይነበባል። ሁለቱ ከተለያዩ ሁለቱንም መዝግቡ።

አንድ ነገር ለዩልኝ። ቄሱ ራሱ ስሙን በሌላ ፊደል ከጻፈው የማውጫው ስህተት አይደለም። በዚያ ዘመን አጻጻፉ ወጥ አልነበረም፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች በሦስት ዓይነት ፊደል ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ እርማት ስትልኩ መዝገቡ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ፣ መሆን ነበረበት የምትሉትን አይደለም። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ብዙ ማውጫዎችን ተጠቃሚው ራሱ ማረም ይችላል። ሌሎቹም አብዛኞቹ ጥቆማ ይቀበላሉ። ለራሳችሁ በያዛችሁት ማስታወሻ ደግሞ ማውጫው ያለውንና እናንተ ያነበባችሁትን ለየብቻ አስፍሩ፣ የገጹንም ምስል አውርዳችሁ አስቀምጡ።