ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄን ፀጉር የመለጠው ቁርቁራው ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ሻምፖ ኬሚካል ነው ብዬ ከተውኩት ቆየሁ። እኔም የ6 ዓመት ልጄም የምንታጠበው በቁርቁራ ቅጠል ነው፤ አልፎ አልፎም ተልባ እንቀባለን። የኔ ፀጉር ደህና ነው። የልጄ ግን ከጆሮዋ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ተመለጠ፤ ፎረፎር የመሰለ ነገርም ይዞታል። ከፋርማሲ ቤታሜታዞን የሚባል የማሳከክ ክሬም ገዝቼ ስቀባት ማሳከኩ ቀነሰ፣ ቦታው ግን ሰፋ። ይኸው ሁለት ወር ሆነን። ደሴ ያለችው እናቴ «ቅጠሉ አላጠራው ብሎ ነው፣ እንዶድ ጨምሪበት» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ ወደ ሻምፖ ተመለሺ አለችኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ መታጠቢያ ነው። የሚያስጨንቅዎ ግን «ልጄን በገዛ እጄ ጎዳኋት ወይ? ፀጉሯስ ይመለሳል?» የሚለው ይመስለኛል። ቁርቁራ ክብ ቦታ መርጦ ፀጉር አይመልጥም። ሻምፖ መተውዎም አላመጣውም። በጊዜ ከታከመች ፀጉሯ ይበቅላል። አብሽሩ።

ስለ ቁርቁራው በአጭሩ ልንገርዎ። ቅጠሉ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ነገር አለ፤ ቅባትና አቧራ ያነሳል። ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ይውቀጡት፣ በደንብ ይንፉት፣ በየጊዜው አዲስ በለብ ያለ ውሃ ይበጥብጡ። ከታጠቡ በኋላ ብዙ ውሃ ያፍስሱበት። ያልተነፋ ቅጠል ፀጉር ውስጥ ይቀርና ሲደርቅ ፎረፎር ይመስላል፤ በዚህ የተነሳ ሳይታመሙ መድኃኒት የሚገዙ ሰዎች አሉ። ተልባ ፀጉር ያለሰልሳል እንጂ አያጥብም። ሎሚ ተቀብቶ የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፤ ይቅርብዎ።

እንዶዱን ግን አይሞክሩት። እሱም ሳፖኒን አለው፣ ግን ኃይለኛ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እንደ ፈረንጆቹ) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ነገር ነው። ለነጠላ ይሁን። ከልጅ ጭንቅላት ወርዶ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ክፉኛ ይለበልባል። እናትዎን በትሕትና እምቢ ይበሏቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ። መስኮት አጠገብ አስቀምጠው የተመለጠውን ቦታ ቀረብ ብለው ይዩት። ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከቀረና ነጭ ቅርፊት ካለው፣ ቆረቆር ሳይሆን አይቀርም። ፈንገስ ነው። በማበጠሪያ፣ በሻሽ፣ በኮፍያ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ንጽሕና ማጣት አይደለም፤ በደንብ የምትታጠብ ልጅም ይይዛታል።

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ይቅርታ። ቤታሜታዞን ማን አዘዘልዎ? ማሳከኩ የቀነሰው ክሬሙ የቆዳዋን መከላከያ ስላዳከመው ነው። ፈንገሱ ከልካይ አጣና ተስፋፋ። ይህን እያዩ ሁለት ወር መቀባት ምን ይባላል? ዛሬውኑ ያቁሙ። የፈንገስ ክሬም ገዝተውም አይተኩት። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ላይ ስለሆነ ክሬም ብቻውን አያጠፋውም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። ቦታው ካበጠ፣ ሲነኩት እንደ ረጠበ ስፖንጅ እሺ ካለ፣ መግል ካዠ፣ ፀጉሩ ሳያማት እፍኝ እፍኝ ከወጣ፣ ከጆሮዋ ኋላና አንገቷ ላይ እጢ ካበጠ ወይም ካተኮሳት፣ ነገ አይበሉ። ያኔ ሰውነቷ ፈንገሱን በኃይል እየተዋጋ ነው፣ በዚያ ውጊያ መሃል የፀጉሩ ሥር ይሞታል። ሥሩ ከሞተ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። «ይበቅላል» ያልኩዎት ለዚህ ደረጃ አይደለም። ሰፈር ውስጥ «መግል ቋጥሯል፣ ይበጣ» የሚል አይጠፋም። አይበጣም! በምላጭም፣ በጋለ መርፌም፣ በማንም እጅ። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ እንደ ብጉንጅ የሚፈስ መግል የለም፤ ቢቆርጡት ሕመምና ጠባሳ ነው የሚያተርፉት። ነጭ ጋዝ ማፍሰስም ያው ነው፤ የቆሰለውን ያቃጥላል። ጋዝ የተቀባ ጭንቅላት ከሰል ምድጃ አጠገብ ሲቀርብ ምን እንደሚሆን ደግሞ እርስዎም ያውቁታል።

እስካሁን አላበጠም፣ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሳይደናገጡ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ቅርፊቱን ፍቀው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ካስፈለገ ለቆዳ ሕክምና ወደሚታወቀው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይልኳታል። ቆረቆር ከሆነ በአብዛኛው የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪን የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ በክብደቷ ይሰላል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ፀጉሩ ብቅ ሲል «ዳነች» ብለው እንዳያቋርጡ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ ለጋ ቅቤ ካለዎት አናቷ ላይ ከመቀባት ይልቅ ምግቧ ላይ ያድርጉላት።

ሻምፖን በተመለከተ፣ ለጊዜው ጎረቤትዎ ሳያውቁት ልክ ሆነዋል። ከሚወሰደው መድኃኒት ጋር ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለው ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ ሊታዘዝላት ይችላል፤ ወደ ሌሎች እንዳይተላለፍ ይረዳል። ሕክምናው ሲያልቅ ወደ ቁርቁራዋ ብትመለስ ተቃውሞ የለኝም። ማበጠሪያዋንና ሻሿን ለብቻዋ ያድርጉ፣ አብረዋት የሚተኙትን ልጆች ጭንቅላትም ይዩ፤ የራስዎንም ጭምር። መድኃኒቱን ከጀመረች ትምህርት ቤት መሄድ ትችላለች፤ ፀጉሯንም መላጨት አያስፈልግም።