ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ድምፄ ከሻከረ ሁለት ወር ሆነው፤ መርፌ ልወጋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ቀን ፒያሳ አካባቢ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ደግሞ ማታ ካዛንቺስ ከባንድ ጋር እዘፍናለሁ። ድምፄ መሻከር ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። ጠዋት ይብስብኛል፤ ከፍ ያለ ኖታ ላይ ስደርስ ደግሞ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ሲጋራ አላጨስም። ለጥር ሰርጎች ይዣለሁ፣ ቀብድም ተቀብያለሁ። የባንዱ ልጆች «ከሰርጉ በፊት አንድ መርፌ ተወጊ፣ ይከፈትልሻል» ይሉኛል። እናቴ ዝንጅብልና ጥሬ እንቁላል ታዝልኛለች። ምን ላድርግ? ካንሰር ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ሳይመለስልሽ ሌላውን ልብ ብለሽ አታነቢውም። በአንቺ ዕድሜ፣ ሲጋራ ለማታጨስና ቀንም ማታም በድምፅዋ ለምትሠራ ሴት፣ እንዲህ ያለ መሻከር በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን ሳላይሽ «አይደለም» ብዬ አልምልልሽም። ድምፅ ሻክሮ ከሦስት አራት ሳምንት በላይ ከቆየ ማንቁርት በዓይን መታየት አለበት፤ አንቺ ደግሞ ሁለት ወር አልፎሻል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም ክፍሉ አላቸው፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ መሄድ ትችያለሽ፣ የግልም አለ። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገርሽ፣ ደም ከተፋሽ፣ አንገትሽ ላይ እብጠት ካወጣሽ ግን ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ።

ምርመራው አያስፈራም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫሽ ይገባል፣ «ኢ በይ» ትባያለሽ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ደስ አይልም፣ ዓይንም ያስለቅሳል፣ ግን ያን ያህል አያምም።

ካሜራው የሚፈልገው የድምፅ አውታሮችሽን ነው። ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች ናቸው፤ ድምፅ ስታወጪ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሴት ስታወራ በሴኮንድ ወደ 200 ጊዜ ገደማ፣ ላይኛው ኖታ ላይ ስትወጣ ከ500 በላይ። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጪ ብታወሪ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ግጭት ነው። አካፋ የሚይዝ እጅ መጅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እነዚህም በጣም በሚጋጩበት መሃል ቦታ ላይ ግራና ቀኝ ጠጠር ያለ ነገር ያወጣሉ። ኖዲውል እንለዋለን። ይሄኔ አውታሮቹ ገጥመው አይዘጉም፣ በክፍተቱ አየር ያመልጣል። «ትንፋሽ ብቻ ይወጣል» ያልሽው ለዚህ ይመስለኛል። ግምቴ ትክክል ከሆነ ደስ ሊልሽ ይገባል፤ ኖዲውል ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ድምፅሽን በአግባቡ ስትጠቀሚ እያነሰ የሚሄድ ነገር ነው። ፖሊፕ (አውታሩ ላይ የሚወጣ ለስላሳ እብጠት) ከሆነ፣ ወይም የጨጓራ አሲድ ያመጣው መቆጣት ከሆነ፣ መንገዱ ይለያል። ለዚህ ነው ታዪ ታዪ የምልሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንቺ ካዛንቺስን ነው የጠረጠርሽው፤ እኔ ግን ጥርጣሬዬ ፒያሳ ላይ ነው።

ዘፈኑ በሳምንት አራት ማታ ነው፣ ያውም በማይክ። ትምህርት ቤቱ ግን አምስት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ ያለ ማይክ፣ ከልጆች ጫጫታ በላይ። «ቁጭ በል! አንቺ ዞር በይ! ዝም በሉ!» እያልሽ የምትውይበት ድምፅ ከዘፈንሽ ይልቅ የተጨመቀ ነው፣ ትንፋሽም አትሰበስቢለትም። የታክሲ ረዳቶችን ድምፅ ሰምተሽ የለ? «መገናኛ መገናኛ መገናኛ» ሲል የሚውል ልጅ አንድ ዘፈን ሳይዘፍን ድምፁ እንደ ወፍጮ ሆኖ ይቀራል። (ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ ስንት ዓመት እንደሠራ የምገምት ይመስለኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሳሳታለሁ።) ስለዚህ ክፍል ውስጥ መጮህ አቁሚ። ልጆችን በጭብጨባ ወይም በደወል ማስለመድ ይቻላል፤ ሁለት ሳምንት ያስቸግሩሻል፣ ከዚያ ይለምዱታል። ወገብ ላይ የሚታሰር ትንሽ ድምፅ ማጉያም አለ፣ አስጎብኚዎች የሚይዙት ዓይነት፤ ለአንቺ የሥራ መሣሪያ ነው፣ ቅንጦት አይደለም።

ማታ ደግሞ ስለ ሞኒተሩ፣ የራስሽን ድምፅ መድረክ ላይ ስለሚያሰማሽ ስፒከር፣ ተጣዪ። ራሱን የማይሰማ ሰው ሳያውቀው ይጮሃል፣ የሁላችንም ጆሮ እንደዚያ ነው የተሠራው። ድራሙና ኪቦርዱ በጨመሩ ቁጥር አንቺም ትጨምሪያለሽ፣ ሳውንድ ማኑ ደግሞ እንደገና ይጨምራል፣ በመጨረሻ የተሸነፈው ጉሮሮሽ ይሆናል። ቁጣሽን እዚያ ላይ አውጪው እንጂ ኖታው ላይ አትጨክኚ። ኪይ ዝቅ አስደርጊ፤ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ የተዘፈነ አምባሰል አሁንም አምባሰል ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰው ልብ አይልም። በየመሃሉ ስትወርጂ ከደንበኛ ጋር ስፒከር ሥር ቆመሽ ማውራቱም ይቅር፤ ያ ከዘፈኑ የባሰ ነው። ሰርጉ ላይ ደግሞ እልልታውን ለሌሎች ተይላቸው።

መድረክ ከመውጣትሽ በፊት አሥር ደቂቃ አሟሙቂ። ሕፃናት መኪና ሲጫወቱ ከንፈራቸውን እያንቀጠቀጡ «ብርርር» የሚሉትን ታውቂያለሽ፣ እሱን ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች እያንሸራተትሽ አድርጊው። ወይም በቀጭን ስትሮው ውስጥ «ኡ» እያልሽ አንጎራጉሪ። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን አውታሮቹ በዝግታ እንዲገናኙ ያደርጋል። «አንድ መለኪያ ኮኛክ ድምፅ ያሞቃል» የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ የሚያሞቀው ደረትሽን ነው፣ ጉሮሮሽ ሲታመም እንዳይሰማሽም ያደርጋል። ሺሻና ጫትም እንደዚያው፣ አንዱ ጭስ ነው፣ ሌላው አፍና ጉሮሮ ያደርቃል።

ጠዋት ይብስብኛል ያልሽው ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሰኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ሥራ ጨርሰሽ ምን ትበያለሽ? በርበሬ የበዛበት ጥብስ በልቶ ወዲያው መተኛት ለዘፋኞች የተለመደ ነው፤ ተኝተሽ ሳለ አሲዱ ሽቅብ ይመጣና አውታሮቹን ያቃጥላል። ቃር ባይሰማሽም ሊሆን ይችላል። ከቻልሽ ዋናውን ምግብ ከመድረክ በፊት ብይ፣ ሌሊት ቀለል ያለ ነገር ቅመሺ፣ ትራስሽን ብቻ ሳይሆን የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጊው።

ውሃ ቀኑን ሙሉ ጠጪ። መድረክ ላይ የምትጎነጪው አፍ ያረጥባል እንጂ አውታሮቹን አይነካቸውም፣ ጎኑን አልፎ ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። የሚጠቅምሽ ከሰዓታት በፊት የጠጣሽው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ አቧራውም አለ። ጾም የምትጾሚ ከሆነ ከ9 ሰዓት በኋላ ማካካስሽን እንዳትረሺ። ማታ ማታ የንጹሕ ውሃ እንፋሎት መታጠን ጥሩ ነው፣ ብቻ ፊትሽን እንዳታቃጥዪ።

ጉሮሮ መጠራረግ ተይ፤ ሲያሰኝሽ ምራቅሽን ዋጪ ወይም ውሃ ተጎንጪ። «ድምፄን ላሳርፍ» ብለሽ በሹክሹክታ አታውሪ፤ ብዙ ሰው ሲያንሾካሹክ ጉሮሮውን ይበልጥ ያስጨንቃል። ወይ ዝም በይ፣ ወይ ዝቅ አድርገሽ በራስሽ ድምፅ አውሪ።

መርፌውስ? ልጆቹ የሚሉሽ ዴክሳሜታዞን መሆን አለበት። እብጠት ያወርዳል፣ ድምፅም ለአንድ ማታ ይከፍታል፣ አልዋሽሽም። ችግሩ እዚያው ነው። ጉዳቱ እንዳለ ሆኖ ስሜቱ ይጠፋል፣ አንቺ ደግሞ ድኛለሁ ብለሽ በሙሉ ኃይልሽ ትዘፍኛለሽ፤ ከውስጥ ትንሽ የደም ሥር ብትፈነዳ በአንድ ዘፈን ወራት ልታጪ ትችያለሽ። ማንቁርትሽ ታይቶ ሐኪም ራሱ «ይቻላል» ካላለ፣ ከመድኃኒት ቤት ጀርባ አትወጊ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም በዘፈን ቀን ያለ ትእዛዝ አይመከሩም፣ መድማትን ያግዛሉ። ስትዘፍኚ ድምፅሽ በድንገት ጥርቅም ካለ ደግሞ ዘፈኑን አትጨርሺው። ውረጂ፣ ዝም በይ፣ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂጂ።

የጥር ሰርጎቹን ነገር ካሜራው ይወስን። እስከዚያ አዲስ ቀብድ አትቀበይ፤ ለያዝሽው ሰርግ ተራ የምትቀያይርሽ ሌላ ዘፋኝ ከአሁኑ ፈልጊ። ሙሉ ማታ ብቻሽን ከምትይዢው ግማሹን ብትዘፍኚ ይሻላል።

የእናትሽ ዝንጅብል ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ማር ጨምረሽ ጠጪላት፤ ቃር ካስነሳብሽ ብቻ ተይው። እንቁላሉን ግን ቀቅላ ትስጥሽ። ጥሬው የድምፅ አውታር ጋ አይደርስም፤ የሚደርሰው ሆድሽ ጋ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።