ገበሬው መልሶ አይጠይቃችሁም

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በክልል ቴሌቪዥን የገጠር ፕሮግራም ክፍል ሥራ ለጀመራችሁና ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ጎጃም ገጠር ውስጥ ፕሮግራማችሁን የሚያየው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ መብራት ካለ ወይም የሶላሩ ባትሪ ካላለቀ፣ ብዙ ጊዜ ከጎረቤት ጋር ተሰብስቦ ነው። ያመለጠውን ቃል ወደ ኋላ መልሶ አያዳምጥም፤ ደውሎም «ስንት ኪሎ ነበር ያላችሁት?» አይልም። የሰማውን ይዞ በማግስቱ ማሳው ላይ ይሠራበታል።

ከድምፅ ልጀምር፤ ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚያየው ምስሉን ነውና። ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፁ ከተበላሸ ግን ምክሩ አልደረሰም ማለት ነው። የደጋ ሰው ጋቢ ይለብሳል። የደረት ማይኩን ጋቢው ላይ ከሰካችሁት በተነቃነቀ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከውስጥ ሸሚዙ ላይ ስኩት፣ ገመዱን አንድ ዙር አጥፋችሁ በፕላስተር ለጥፉት፣ ጋቢውንም ማይኩን እንዳይነካ ወደ ጎን አድርጉት። ጮቄ አካባቢ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ የማይኩ ስፖንጅ ብቻውን አይበቃም፤ ጸጉራሙን የነፋስ መከላከያ ያዙ። ሄድፎን ጆሯችሁ ላይ ሳይሆን አትቅዱ። በካሜራው የድምፅ መለኪያ ላይ ንግግሩ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይቆይ፤ ዜሮ የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ ከነካው የድምፁ ጫፍ ተቆርጦ ይበላሻል፣ የተበላሸውን ደግሞ ኤዲተር ሙሉ በሙሉ አይጠግነውም። ካሜራው ሁለት የድምፅ መስመር ካለው ሁለተኛውን ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ ሰውየው ድንገት ጮክ ብሎ ቢስቅ እሱ ያድናችኋል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ አታድርጉ፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ሁሉም ነገር ይዋጣል። አጠገቡ ሳር ቤት ካለ እዚያ ግቡ።

ምስሉ ላይ ብዙ አልቆይም። በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ ሹተሩ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ የሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ይሁን፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ስልካችሁ በ30 ፍሬም ከቀረጸ ቤት ውስጥ ያለው አምፖል ሊርገበገብ ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊቱ ይጨልማል፣ ነጭ ነጠላውም ምስሉ ላይ ከመጠን በላይ ነጥቶ ዝርዝሩ ይጠፋል። ጥላ ሥር አስቀምጡትና ብርሃኑን በፊቱ ለኩ። ገበሬ ሲያርስ መቅረጽ ካሰባችሁ የወሩን በዓላት አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ በሚካኤልና በማርያም ቀን በሬ አይጠመድም፣ በዚያ ቀን ግን ሰው ቤቱ ስለሚገኝ ለውይይት ጥሩ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የምትናገሩት ነገር ነው። ባለሙያው «በሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ» ብሎ ሲነግራችሁ እንዲሁ ወስዳችሁ አታስተላልፉ። ገበሬው መሬቱን የሚቆጥረው በጥማድ ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ስለሚሆን፣ ለአንድ ጥማድ 25 ኪሎ፣ ማለትም የ50 ኪሎው ከረጢት ግማሽ ነው። ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ። ቁጥሩን ስክሪን ላይ ጽፋችሁ ብቻ አትለፉ፣ ማንበብ የማይችል ስላለ በቃልም ሁለት ጊዜ በሉት። የቡሬን ምክር ለቢቸና አትስጡ፤ አንዱ ቀይ አፈር ላይ ያመርታል፣ ሌላው ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ። አዊ ውስጥ ደግሞ ባንጃን የመሰሉ አካባቢዎች አፈራቸው አሲዳማ ነው፤ እዚያ ማዳበሪያ ብቻ መምከር የገበሬውን ገንዘብ ማባከን ነው፣ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራም አብሮ መነሳት አለበት። በዚያ አካባቢ አውንጊ የሚናገር ሰው በቋንቋው ይናገር፤ የአማርኛ ቃል ሲፈልግ ሐሳቡን እንዲያሳጥር አታድርጉት።

ወቅት ያለፈበት ትክክለኛ ምክር አይረባም። ኖራ ከዘር በፊት አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈር ጋር መታረስ ስላለበት፣ ጤፍ በሚዘራበት በሐምሌ ስለ ኖራ ብትናገሩ ሰውየው ቀጣዩን ዓመት ሊጠብቅ ነው። ስለ ነቀዝም እህሉ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ተናገሩ።

ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባውን፣ በቆሎ የሚያጠቃውን መጤ ተምች የተባለ ትል ውሰዱ። ከሌላው ትል ለመለየት ቅርብ ምስል ያስፈልጋል፤ ግንባሩ ላይ እንደተገለበጠ ባላ የሆነ ነጣ ያለ መስመር አለው፣ ወደ ጅራቱም አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ትሉን መዳፍ ላይ አድርጋችሁ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁማችሁ፣ ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ 10 ሴኮንድ ያህል አሳዩ። እያደገ ሲሄድ በበቆሎው እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ መድኃኒት አያገኘውም፤ ስለዚህ ማሳው ገና ትሉ ትንሽ ሳለ መታየት እንዳለበት ንገሩ። መድኃኒት ሲረጭ የምትቀርጹት ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ከሌለው ቀረጻውን አቁሙ። ገበሬው የሚከተለው ከቃላችሁ ይልቅ ያየውን ነው።

ስርጭቱንም ዕወቁት። የዲሽ ሞገድ ከባድ ዝናብ ሲያጋጥመው ስለሚዳከም ምስሉ ይቆማል። በጎጃም ክረምት ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ምሽት ላይ ስለሆነ፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻ የወጣ ፕሮግራም ብዙ ቤት ላይደርስ ይችላል። ጠዋት ይደገም፣ ጭብጡም በሬዲዮ ይነገር። የፕሮግራም ኃላፊያችሁ «ተላልፏል እኮ» ቢላችሁ በትህትና ተከራከሩ።

ለሽማግሌ «አንተ» ብላችሁ ማይክ አትዘርጉ፤ «እርስዎ» በሉ። ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ዶሮ የምትጠይቁ ከሆነ ባልየውን ትታችሁ ሚስቱን ጠይቁ፣ የምታውቀው እሷ ናት።

የተሳሳተ መጠን ካስተላለፋችሁ ደግሞ ማስተካከያውን በዜና መጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አታሳልፉት። በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት፣ ስህተቱ የተላለፈበትን ያህል ጊዜ መልሳችሁ ተናገሩ፤ መጀመሪያ ትክክለኛውን ቁጥር በሉ፣ ከዚያ ቀድሞ የተባለው ስህተት እንደነበር ግለጹ። በዚያው ዕለት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ የልማት ሠራተኞቹ ሰው ገና ሳይረጭ ወይም ሳይበትን ሊደርሱበት ይችላሉ።