ስለ ስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የጠየቃችሁኝ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ ውስጥ ስላለው የድሮ ቤተ መንግሥት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኒልክ ግቢ የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። የምኒልክ ግቢ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ያለው ነው። ገነተ ልዑልን ያሠሩት ጃንሆይ ናቸው፣ በ1920ዎቹ። ብዙም ሳይኖሩበት ጣሊያን መጣ።

ጥያቄ፦ ጣሊያንስ ምን አደረገው?

መልስ፦ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ደጁ ላይ ለድሆች ምጽዋት ሲሰጥ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ለሦስት ቀን በሕዝቡ ላይ የወረደውን ታውቁታላችሁ። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው።

ጥያቄ፦ ከቤቱ ፊት ያለው፣ የትም የማያደርሰው ደረጃስ?

መልስ፦ እሱም የጣሊያን ሥራ ነው። እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ነው፤ ቆጠራው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ይነሳል። ከነፃነት በኋላ አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለእኔ ከማፍረስ የባሰ ስድብ ነው። ደግ አደረጉ!

ጥያቄ፦ ጃንሆይ ቤታቸውን ለምን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ?

መልስ፦ ለትምህርት ስለሚያስቡ ነው ይባላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ታኅሣሥ 1953ን አትርሱ። እሳቸው ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮቹና መኳንንቱ ታግተው የነበሩት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ሙከራው ሲከሽፍ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተኩስ ተከፈተባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተ ወልድና ሌሎችም እዚያው ቀሩ። እንግዲህ በዚያ ሳሎን እያለፈ ማን ቁርሱን ይበላል? ጃንሆይ ኑሯቸውን ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አዞሩ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954፣ በስማቸው የተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተና ቤቱ የተማሪ ሆነ።

ጥያቄ፦ ደርግ ወረሰው?

መልስ፦ ምኑን ይውረሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነው ያገኘው። ስሙን ብቻ ቀየረ።

ጥያቄ፦ ገብቶ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ አዎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዚያ ነው። የጃንሆይን መኝታ ቤት ሳታዩ እንዳትወጡ። መስተዋታቸው ላይ የ1953ቱ ጥይት የበሳው ቀዳዳ አለ።