አንድ ምሰሶ ወይስ ሁለት?

ከስዊድን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላሳጥረው። 36 ጫማ የምትረዝም ስሉፕ የምትባል የሸራ ጀልባ ገዝተሃል፤ አንድ ምሰሶ፣ አንድ ዋና ሸራ፣ ከፊት አንድ ተጠቅላይ ሸራ። ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን፣ ከዚያም በፓናማ በኩል ፓሲፊክን ልታቋርጥ ነው። አንድ ሰው ደግሞ «በዚህች ጀልባ ማዕበል አትችልም፣ ባለ ሁለት ምሰሶ ኬች ነው የሚያዋጣህ» ብሎ አስደንግጦሃል።

አትሽጣት። ምሰሶም አትጨምርባት።

ኬች ጥሩ ነው፣ አልክድም። ንፋስ ሲበረታ ዋናውን ሸራ አውርደህ ከፊትና ከኋላ ባሉት ትናንሾቹ ብቻ ሚዛኗን ጠብቃ ትሄድልሃለች። ግን ሁለተኛ ምሰሶ ምሰሶውን የሚይዝ ሌላ የብረት ገመድ፣ ሌላ ብሎን፣ ሌላ ወጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የጎልደን ግሎብ፣ ብቻን ዓለምን በሸራ ጀልባ የመዞር ውድድር፣ ደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ በአንድ አውሎ ንፋስ ምሰሶ ያጡት ሁለቱ ጀልባዎች ኬች ነበሩ። ያሸነፈው ዣን ሉክ ቫን ዴን ሄዴ የያዘው ባለ አንድ ምሰሶ፣ መጠኗም ካንተዋ የሚቀራረብ ጀልባ ነው። እሱም ቢሆን ማዕበል ጥሏት የጎን ገመዶቹ ምሰሶው ላይ የታሰሩበት ቦታ ተቀዶበት፣ ባሕር መሃል ምሰሶ ላይ እየወጣ ነው የጠገነው። ማሰሪያው ነው የሚያሳስበኝ፣ የምሰሶው ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ሸራው። ንፋስ ከ20 ወደ 40 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ሲደርስ ግፊቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው፣ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሸራህ ማነስ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ወደ ምሰሶው መጠጋት አለበት። ተጠቅላዩ ሸራ ይህን አያደርግልህም፤ ግማሹን ስትጠቀልለው ፊቱ እንደ ምንጣፍ ጥቅል ይወፍራል፣ መሃሉ ያብጣል፣ ጉልበቱም የጀልባዋ የፊት ጫፍ ላይ ስለሚቀር ጀልባዋ ወደ ንፋስ መውጣት ያቅታታል። የመጠቅለያው ገመድ ከተበጠሰማ ሸራው በሙሉ ተዘርግቶ ጉድ ያፈላብሃል።

መፍትሔው ስሉፗን ወደ ከተር፣ ማለትም ከአንዱ ምሰሶ ፊት ሁለት ሸራ ወዳላት ጀልባ፣ ማስጠጋት ነው። ከዋናው የፊት ገመድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለተኛ ገመድ ይተከላል፣ እሱ ላይ ከወፍራም ጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ሸራ ትወጣለች። በደህና ቀን እንዳያስቸግርህ ተፈቺ አድርገው። ግን ይህ ገመድ የምሰሶውን ወገብ ወደ ፊት ስለሚጎትት፣ ከኋላ በግራና ቀኝ የሚወጠሩ ረዳት ገመዶች የግድ ናቸው። የውስጡ ገመድ ከታች ደግሞ የላይኛው ወለል (ዴክ) ላይ ብቻ አይታሰር። ወለሉን አልፎ ከጀልባዋ አካል ጋር ካልተያያዘ፣ በጉልበት ሲወጠር ወለሉን ያነሳዋል።

ዋናው ሸራ ላይ ሦስተኛ ማሳጠሪያ፣ ማለትም ንፋስ ሲበረታ ሸራውን ዝቅ አድርገህ የምታስርበት መስመር፣ አሰፋ፤ ከከፍታው 40 በመቶ ያህል የሚቀንስ ይሁን፣ ለይስሙላ ዝቅ የሚል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የብረት ገመዶቹን ዕድሜ ጠይቅ። ከአሥር ዓመት ካለፉ ወይም የሚያውቅ ከሌለ፣ ሁሉንም ቀይር። ገመዶቹ ከአካሏ ጋር የሚያያዙባቸውን የብረት ሳህኖችም አስፈትተህ እይ፤ አይዝጌው ብረት ወለሉን በሚያልፍበት፣ እርጥበት ታፍኖ አየር በማያገኝበት ቦታ ነው ተደብቆ የሚበላው። ከላይ ሲያዩት ያብለጨልጫል።

የውስጡን ገመድ ሊሠራልህ የመጣ ሰው ወደ ታች ወርዶ ማሰሪያውን ሳያይ ዋጋ ከነገረህ፣ ሌላ ሰው ፈልግ።