ሃያ መልእክት ተጽፎ አንድ ማሳወቂያ ሲደርስ

አንድ አንባቢ በሲ ፕላስ ፕላስ የጻፉት ፕሮግራም የዊንዶውስን ኢቨንት ሎግ (ሲስተሙና ፕሮግራሞች የሚያጋጥማቸውን የሚጽፉበትን መዝገብ) እየተከታተለ አዲስ መልእክት ሲጻፍ ወደ ሌላ ሲስተም እንደሚያስተላልፍ፣ መልእክቶቹ ተራርቀው ሲመጡ በደንብ እንደሚሠራ፣ ሃያ ያህል በአንድ ጊዜ ሲጻፉ ግን አንዱን ብቻ ልኮ ሌሎቹን እንደሚዘል ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። የሚጠቀሙት ጥሪ፣ መዝገቡ ሲለወጥ እንዲያሳውቅ ዊንዶውስን የሚጠይቀው «ኖቲፋይ ቼንጅ ኢቨንት ሎግ» የተባለው ፋንክሽን ነው።

ችግሩ ማሳወቂያውን እንደ መልእክት መቁጠርዎ ነው። ይህ ጥሪ መዝገቡ መለወጡን እንጂ ምን ወይም ስንት እንደተጻፈ አይናገርም። ዊንዶውስ ምልክቱን በ5 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሰጥም፤ ምልክቱም ብልጭ ብሎ የሚጠፋ በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ምልክቱን የሚጠብቀው ትሬድዎ (በፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) የቀደመውን መልእክት በመላክ ከተያዘ ጨርሶ አይደርሰውም። በመልእክቶቹ መካከል ፋታ ይስጡ የሚል ምክር አጋጥሞዎት ይሆናል፤ መዝገቡ ላይ የሚጽፉት ሌሎች ፕሮግራሞች ፋታ ስለማይሰጡዎት አያዋጣም።

ስለዚህ የሚጠብቀውን ትሬድ ከሚልከው ይለዩት። ምልክት በደረሰ ቁጥር፣ በመጨረሻ ከላኩት መልእክት ተከታታይ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ሁሉ እስከ ጫፉ ድረስ ያንብቡ። ጥበቃውም ገደብ ይኑረው፤ ለምሳሌ 10 ሰከንድ ካለፈ ምልክት ባይመጣም ንባቡ ይካሄድ። ቁጥሩን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡት መልእክቱ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት፤ ፕሮግራሙ መሐል ላይ ቢቋረጥ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል፣ ይህን ግን ተቀባዩ በቁጥሩ ለይቶ ሊጥለው ይችላል፤ ቁጥሩ ቀድሞ ከተቀመጠ ግን ያልተላከው እንደተላከ ተቆጥሮ ይቀራል። መዝገቡ ሞልቶ አሮጌዎቹ ከተደመሰሱም ክፍተቱን ማወቅ ይኖርብዎታል፤ በመዝገቡ ውስጥ የቀረው አሮጌ ቁጥር እርስዎ ከሚጠብቁት ቀጣይ ቁጥር ከበለጠ፣ መሐል ያሉት ጠፍተዋል።

በነገራችን ላይ፣ ፕሮግራሙ የራሱን ስህተት በሚከታተለው መዝገብ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ራሱን በራሱ እየቀሰቀሰ ማቆሚያ ወደሌለው ዙር ስለሚገባ፣ በራሱ ምንጭ ስም የተጻፉትን መልእክቶች ይዝለል።

ኮዱን እንደ አዲስ ለመጻፍ ጊዜ ካለዎት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለውን «ኢቪቲ ሰብስክራይብ» የተባለውን ጥሪ እመርጣለሁ። እያንዳንዱን መልእክት ራሱን ያቀብላል፣ የማይፈልጉትን ኤክስፓዝ በተባለው የመምረጫ ቋንቋ ያጣራል፣ ካቆሙበት ዕልባት ቀጥሎም ይጀምራል። «ስትሪክት» የተባለውን ምርጫ ማብራትዎን አይርሱ፤ ያለ እሱ ዕልባት ያደረጉበት መልእክት ከመዝገቡ ቢጠፋ፣ ያለ ምንም ስህተት ከቅርቡ ይቀጥላል።